«ጨዋ ልጅ ነው» ከማለታችሁ በፊት፦ አራስ ልጅን በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዴት ታስመረምራላችሁ?

ልጁ አያለቅስም ነበር። እናቱ ለማጥባት እስክትቀሰቅሰው ድረስ ይተኛል፤ ሲነቃም ትንሽ ጠባ ጠባ አድርጎ ተመልሶ ያንቀላፋል። አራስ ሊጠይቁ የመጡ ጎረቤቶች ገንፎ እየቀመሱ «ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ነው! እግዜር ሲሰጥሽ እንዲህ ነው!» ይሏት ነበር። እኔም ብያታለሁ።

በሰሜን ሸዋ ደጋ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ስሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ያንን ልጅ ያዋለድኩት እኔ ነኝ። መዝኜው፣ ዓይኑን ቅባት ቀብቼ፣ ቫይታሚን ኬ ወግቼ፣ ክትባቱን ሰጥቼ፣ በስድስተኛው ሰዓት ከእናቱ ጋር ወደ ቤቱ የሸኘሁትም እኔው ነኝ። በአርባ አምስት ቀኑ ለክትባት ሲመጣ የዓይኑ ነጭ ገና ቢጫ ነበር፤ እትብቱ አብጦ ወጣ ብሏል፤ ምላሱ ለአፉ የሰፋ ይመስላል። እናቱ በአራት ቀን አንዴ ብቻ እንደሚጸዳዳ፣ አያቱም ለድርቀቱ ቅቤ እንደምታልሰው ነገረችኝ። «ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂው» ብዬ ሸኘኋት። በአሥራ አንድ ወሩ መቀመጥ ሲያቅተው አዲስ አበባ ወሰዱትና ደሙ ሲመረመር የእንቅርት ዕጢው፣ ሐኪሞች ታይሮይድ የሚሉት፣ ከተወለደ ጀምሮ እንደማይሠራ ታወቀ።

አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በየቀኑ አንዲት እንክብል ይውጣል። ቁመቱ ጥሩ ሆኗል፤ ትምህርቱ ግን ፊደል ከመለየት አላለፈም። ያቺው እንክብል በተወለደ በሁለት ሳምንት ውስጥ ብትጀመርለት ኖሮ ከእኩዮቹ ጋር ሦስተኛ ክፍል ይገባ ነበር። ይህን የምጽፈው ሌላ እናት ከእኔ የሰማችውን መልስ እንዳትሰማ ነው።

ግዴታው የማን ይሁን?

የአራስ ልጅ ምርመራ ግዴታ ይሁን ወይ ብትሉኝ፣ አዎ እላለሁ። ዋናው ነገር ግን ግዴታው በማን ላይ ይጣል የሚለው ነው። በእናት ላይ ከተጣለ እቃወማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው በጤና ተቋም የወለዱት 48 በመቶ ናቸው፤ የቀሩት ቤታቸው ነው የወለዱት። «ልጅሽን ካላስመረመርሽ ትቀጫለሽ» የተባለች የገጠር እናት ጭራሽ ትርቀናለች። ግዴታው መውደቅ ያለበት በእኛ በባለሙያዎቹ፣ በጤና ተቋሙና በመንግሥት ላይ ነው፦ ምርመራውን ማቅረብ፣ ለእናት በሚገባት ቋንቋ ማስረዳት፣ መሥራት፣ ውጤቱን በቶሎ ማድረስ፣ የታመመ ከተገኘ መድኃኒቱን አለማቋረጥ። እናት ይህን ሁሉ ሰምታ አልፈልግም ካለች ፈርማ መተው ትችላለች። እኛ ግን ሳንጠይቃት የምንሸኝበት መንገድ መዘጋት አለበት።

እንዲህ ያለ ግዴታ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አያቴ አንገት ላይ የነበረውን እንቅርት በልጅነቴ በእጄ እዳስሰው ነበር፤ በሰፈሩ ያላበጠ አንገት የነበራት ሴት ጥቂት ናት። ይህን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ2011 ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ማንም ቤት ለቤት ዞሮ እናቶችን ፈቃድ አልጠየቀም፤ አልቀጣቸውምም። የተገደደው ጨው አምራቹ ነው። ለአራስ ልጅም የምፈልገው ይህንኑ ነው።

በሁሉም በሽታ ላይ ግዴታ ይጣል አልልም። እ.ኤ.አ. በ1968 ዊልሰንና ዩንግነር የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ለዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጁት መመዘኛ እስካሁን ይሠራል፦ በሽታው ከባድ ይሁን፣ ምልክቱ ሳይወጣ የሚያገኘው ምርመራ ይኑር፣ ሲገኝም በእጃችን ያለ ሕክምና ይኑር። ሕክምና ሳያዘጋጁ ስሙን ብቻ ለእናት መንገር ጭካኔ ነው። የእንቅርት ዕጢ ችግር ግን ሦስቱንም ያሟላል። በሌሎች አገሮች ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ ላይ ይገኛል። በአገራችን በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉ፤ ከ3,000 አንድ ብንል እንኳ ስንት እንደሚሆን አስሉት። መድኃኒቱ ሊቮታይሮክሲን የተባለች ትንሽ እንክብል ናት።

እስካሁን በመላ አገሪቱ ለሁሉም አራስ የሚደረግ፣ ከተረከዙ ጥቂት ደም ወስዶ ይህን ችግር የሚፈልግ ምርመራ የለንም። ግዴታው እስኪመጣ ድረስ የሚከተለውን እናንተው መጠየቅ አለባችሁ።

ከመውለዳችሁ በፊት

በስምንተኛው ወር የክትትል ቀጠሮ ላይ አዋላጇን ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ከወለድኩ በኋላ ስንት ሰዓት ታቆዩኛላችሁ? ቢያንስ 24 ሰዓት መቆየት ይገባችኋል። አልጋ ጠበበ ተብሎ በስድስት ሰዓት ከተሸኛችሁ የመመለሻ ቀናችሁ በካርድ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የደሜ ዓይነት ምንድን ነው? የእናት ደም ኔጌቲቭ ከሆነ ወይም ኦ ከሆነ ልጁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢጫ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ቀድሞ መታወቅ አለበት። እናንተ ራሳችሁ የእንቅርት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ይህንንም ንገሩ።

ከዚያ ደግሞ ልጁን የምታሳድገውን አያት አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ባል እሺ ቢል፣ እናት እሺ ብትል፣ አራስ ቤት ውስጥ የሚሰማው የአያት ቃል ነው። «አራስ በሦስተኛ ቀኗ ደጅ አትወጣም፣ ልጁንም ዓይን ያገኘዋል» የሚባለው እውነተኛ ጭንቀት ስለሆነ አልንቀውም። ልጁን አልብሶ፣ ፊቱን ሸፍኖ፣ አያት ራሷ አቅፋው እንድትመጣ መጠየቅ ከክርክር ይሻላል። እምቢ ካለች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ድረስ እንድትመጣ አድርጉ፤ የወለደች እናትን ቤቷ ሄዶ ማየት ሥራዋ ነው።

በመጀመሪያው ቀን

ልጁ ተጠቅልሎ ከተሰጣችሁ «እባክሽ እህቴ፣ ገልጠሽ ከራሱ እስከ እግሩ አሳዪኝ» በሉ። ይህን ለማለት አትፈሩ። እኛ ጋ ብርዱ ስለሚያይል ልጅን ማራቆት ያስፈራል፤ ክፍሉ ይሙቅ፣ ወይም በእናቱ ደረት ላይ እንዳለ ይታይ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ርግብግቢቱ ይዳሰስ። አፉ ተከፍቶ ላንቃው በመብራት ይታይ፤ ከንፈሩ ደህና ሆኖ ላንቃው ብቻ የተሰነጠቀ ልጅ ሳይታወቅ በቀላሉ ያልፋል። ልቡ ይደመጥ። ሁለቱ ጭኖቹ ወደ ውጭ ሲከፈቱ እኩል ይከፈቱ እንደሆነ ይሞከር። ተገልብጦ ጀርባው ከአንገቱ እስከ መቀመጫው ይታይ፤ እባጭ፣ ጉድጓድ፣ የጠጉር ጥቅል ካለ ይነገር። የፊንጢጣው ቀዳዳ መኖሩም በዓይን ይረጋገጥ። በ24 ሰዓት ውስጥ ሽንቱንና የመጀመሪያውን ጥቁር ዓይነ ምድር ካላወጣ ሐኪም ሳያየው ወደ ቤት አትሂዱ።

ለልብ አንድ ቀላል መሣሪያ አለ፦ ጣት ላይ የሚቆነጠጠው፣ በኮቪድ ጊዜ ሁሉም ሰው ያወቀው የኦክስጅን መለኪያ። 24 ሰዓት ከሞላው በኋላ በቀኝ እጁና በአንዱ እግሩ ላይ ይለካ። በብዙ አገሮች 95 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በእጅና በእግር መካከል ያለው ልዩነትም ከ3 ካልበለጠ ደህና ነው ይባላል። ይህ ቁጥር የወጣው በዝቅተኛ ቦታ ለሚወለዱ ልጆች ስለሆነ እንደ እኛ ያለ ከፍታ ላይ ጤነኛው ልጅም ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ንባብ አትደንግጡ፤ እግሩን አሙቁ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደገም፣ በእጅና በእግር መካከል ያለውን ልዩነት ተከታተሉ። ከ90 በታች ከሆነ ግን አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ቫይታሚን ኬ መወጋቱንም ጠይቁ። ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን የሚገረዝ ከሆነ ደም እንዳይፈስ የሚከላከለው ይህ መርፌ መሰጠቱ በጣም አስፈላጊ ነው። በዘመድ ውስጥ ሲቆረጥ ደሙ የማይቆም ወንድ ካለ ግዝረቱን አዘግዩና ሐኪም አማክሩ።

ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን፦ ተረከዝ

የእንቅርት ዕጢን የሚለካው ቲ.ኤስ.ኤች የተባለው ምርመራ ነው። ልጅ እንደተወለደ በመጀመሪያው ቀን መጠኑ በተፈጥሮ ከፍ ስለሚል ቶሎ የተወሰደ ደም ያለ ምክንያት ያስደነግጣል። ከ48 ሰዓት በኋላ፣ በሁለተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል ይወሰድ። ይህ ጊዜ ካለፋችሁ በሁለተኛው ሳምንትም፣ በወሩም አድርጉ፤ ዘገየ ብላችሁ አትተዉት።

በእኛ ጤና ጣቢያ ይህ አይሠራም፤ የምልካቸው ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ነው። በትልልቅ ሆስፒታሎችና በግል ላቦራቶሪዎች ከደም ሥር ተወስዶ ይሠራል። በግል ከሆነ ይከፈልበታልና ለክርስትና ድግስ ከምትቆጥቡት ላይ ቀንሳችሁ አስቀምጡ። ላቦራቶሪውን «ለአራስ ትሠራላችሁ ወይ?» ብላችሁ ቀድማችሁ በስልክ ጠይቁ። ወረቀቱ ላይ የሚታተመው ትክክለኛ መጠን ብዙ ጊዜ የአዋቂ ስለሆነ ራሳችሁ አታንብቡት፤ የልጁን ዕድሜ በቀን አስጽፋችሁ ለሕፃናት ሐኪም አሳዩ።

ከተረከዝ በወረቀት ላይ የሚወሰደውን ምርመራ ግን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ኤች.አይ.ቪ በደማቸው ካለ እናቶች ለሚወለዱ ሕፃናት በአርባ አምስተኛው ቀን አካባቢ የምንሠራው እርሱን ነው። እናትየዋ ጡቷን እንድታጎርሰው አደርጋለሁ። እግሩን በሞቀ ፎጣ ጠቅልዬ ጥቂት ደቂቃ እቆያለሁ። መሐሉ ላይ አጥንቱ ቅርብ ስለሆነ የምወጋው የተረከዙን ጎን ነው። የመጀመሪያዋን ጠብታ እጠርጋለሁ፤ ቀጣይዋ በራሷ ጊዜ ትልቅ እስክትሆን ጠብቄ ወረቀቱን አስነካለሁ፤ ክቡ እስከ ጀርባው እስኪርስ ድረስ። ልጁ አንዴ ጮኾ ወደ ጡቱ ይመለሳል። ወረቀቱ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ለሰዓታት ይደርቅና በፖስታ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል።

ለእንቅርት ዕጢ የሚያስፈልገውም ይኸው ዓይነት ወረቀት፣ ይኸው መርፌ፣ ይኸው መንገድ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ጉትሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደምን በወረቀት ላይ አድርቆ ሕፃናትን የመመርመር ዘዴ ያስጀመረው የአእምሮ ጉዳት ያለበት ልጅ አባት ስለነበረ ነው። የአሜሪካ ግዛት የሆነችው ማሳቹሴትስ በ1963 ግዴታ አደረገችው። ካናዳዊው ዣን ዱሶ በ1970ዎቹ ያንኑ ወረቀት ለእንቅርት ዕጢ አዋለው። ያ ወረቀት ዛሬ በእኔ መሳቢያ ውስጥ አለ። ለአንዱ በሽታ ስንልከው ለሌላው የማንልክበት ምክንያት አይታየኝም።

በሽታው ከተገኘ መድኃኒቱ በዚያው ሳምንት ይጀመር። እንክብሏን በማንኪያ ላይ በጥቂት የታለበ የእናት ጡት ወተት ፈጭታችሁ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ስጡ። በጡጦ ውስጥ አትጨምሩ፤ ጡጦው ካላለቀ ልጁ ምን ያህል እንደወሰደ አይታወቅም። ከብረትና ከካልሲየም መድኃኒት ጋር በአንድ ሰዓት አትስጡ። ልጁ ደህና መሰለ ብላችሁም አታቋርጡ።

የወፍ በሽታ

ብዙ አራስ ልጆች ትንሽ ቢጫ ይሆናሉ፤ ይህ የሚያልፍ ነው። የማያልፈውን ለመለየት ልጁን ወደ መስኮት አምጡት። በኩራዝ ወይም በአምፖል ብርሃን አይታወቅም። ግንባሩን፣ ከዚያ ደረቱን፣ ከዚያ እግሩን በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ቦታው ቢጫ ሆኖ ይታያል። ቆዳው ጠቆር ያለ ከሆነ ድዱንና የዓይኑን ነጭ እዩ። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ቢጫነቱ መዳፉና ውስጥ እግሩ ከደረሰ፣ ወይም መጥባት ካቆመ፣ ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት። ፀሐይ ማሞቅ ሕክምና አይደለም። ሕክምናው በሆስፒታል ያለው ሰማያዊ መብራት ነው፤ ከዘገየ አንጎልን ይጎዳል፣ ጆሮንም ያደነቁራል።

ከአሥራ አራት ቀን በኋላም ቢጫ ከሆነ ሁለት ነገር አድርጉ። ቲ.ኤስ.ኤች ያልተሠራለት ከሆነ ይሠራለት። የዓይነ ምድሩንም ቀለም እዩ፤ እንደ ኖራ ወይም እንደ ሊጥ ነጣ ካለ የሐሞት መውረጃው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ከሁሉ የሚሳካው ሁለት ወር ሳይሞላው ስለሆነ ጨርቁን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ በቃል ከመንገር ጨርቁን ማሳየት ይበልጣል።

ጆሮና ዓይን

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ለሁሉም አራስ የጆሮ፣ የዓይንና የቢጫነት ምርመራ እንዲደረግ ብሏል። የጆሮው ምርመራ አያሳምምም፤ ልጁ ተኝቶ ሳለ ለስላሳ ጫፍ ያለው መሣሪያ ጆሮው ውስጥ ይገባና በደቂቃዎች ያልቃል። መሣሪያው በየጤና ጣቢያው የለም። ያለበት ከተማ የምትኖሩ በመጀመሪያው ወር አስደርጉ፤ ችግር ካለ በሦስት ወሩ ተረጋግጦ በስድስት ወሩ እርዳታ ይጀመር። በመጀመሪያው አልፏል ማለት ሁልጊዜ ይሰማል ማለት ስላልሆነ ከጀርባው ሆናችሁ እያጨበጨባችሁ ማየታችሁን አትተዉ።

ለዓይን፣ ባለሙያዋ በመብራት የዓይኑን ብሌን ታያለች፤ ቀይ ሆኖ ማንጸባረቅ አለበት። እናንተም የምትችሉት ነገር አለ፦ በስልክ ፍላሽ ያነሳችሁትን ፎቶ እዩ። የአንዱ ዓይን ብሌን ነጭ ሆኖ በተደጋጋሚ ከወጣ የዓይን ሞራ ወይም የዓይን ካንሰር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሳምንት የዓይን ሐኪም ይየው።

ውጭ አገር ለምትወልዱ

አሜሪካ ያላችሁ፣ ምርመራው በሁሉም ግዛቶች አለ፤ ሳትጠየቁም ሊወሰድ ይችላል። አትደንግጡ። ቴክሳስ ሁለት ጊዜ ታደርጋለች፤ ሁለተኛው በአንድና በሁለት ሳምንት መካከል ስለሆነ የሕፃናት ሐኪም ቀጠሮን አትዝለሉ። ሆስፒታሉ ላይ የምታስመዘግቡት ስልክ የሚነሳ ስልክ ይሁን፤ የማታውቁት ቁጥር ሲደውል አንሱ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። እንግሊዝ አገር አዋላጇ በአምስተኛው ቀን ታደርጋለች፤ እምቢ ማለት ይቻላል፣ ግን አታድርጉት። ጀርመን የእናንተን ፈቃድ ትጠይቃለች። ተመልሳችሁ ኑ ከተባላችሁ አብዛኞቹ በሁለተኛው ምርመራ ጤነኛ እንደሚሆኑ እወቁ፤ ግን ሂዱ።

ስለ ደሙ ማስቀመጥ መጠየቅም መብታችሁ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የሕፃናትን የደም ወረቀት ታስቀምጣለች፤ በ2003 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ አና ሊንድ ስትገደል ፖሊስ ተጠርጣሪውን ለመለየት ከዚያ ማኅደር ተጠቅሟል። በ2009 ቴክሳስ ውስጥ ወላጆች ከስሰው ከ5 ሚሊዮን በላይ ናሙናዎች እንዲወገዱ ተደርጓል። ስለዚህ ግዴታ ሲወጣ ደሙ ለምን ያህል ጊዜና ለምን እንደሚቀመጥ በዚያው ሕግ ይጻፍ። ይህ ምርመራውን ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ጤና ጣቢያችሁን እንዴት ትጠይቃላችሁ?

ነዋሪው ለጤና ጣቢያው አገልግሎት ነጥብ የሚሰጥበት የማኅበረሰብ ውጤት መመዘኛ ካርድ የሚሞላበት ስብሰባ በየቀበሌው ይጠራል። ብዙ ጊዜ የሚነሳው የውኃ፣ የአምቡላንስና የመድኃኒት ጉዳይ ነው። እዚያ እጃችሁን አውጡና ይህን ጠይቁ፦ «ለኤች.አይ.ቪ የምትልኩትን የተረከዝ ወረቀት ለሁሉም አራስ ለእንቅርት ዕጢ መላክ የምትጀምሩት መቼ ነው? ወረዳውስ ምን መለሰላችሁ?» ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ በሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ መልሱን ጠይቁ።

ቤት ስትገቡ ደግሞ በክትባት ካርዱ ጀርባ ላይ እነዚህን ጻፉ፦ የተወለደበት ሰዓት፣ ክብደቱ፣ የእናት የደም ዓይነት፣ ቫይታሚን ኬ መሰጠቱ፣ የኦክስጅን ቁጥሩ፣ ቲ.ኤስ.ኤች የተሠራበት ቀንና ውጤቱ፣ ጆሮና ዓይን መታየታቸው። ያልተሠራውን ባዶ ተዉት። በአርባ አምስተኛው ቀን ለክትባት ስትመጡ ካርዱን ገልብጣችሁ ባዶውን ቦታ ለተረኛዋ ነርስ በጣታችሁ አሳዩ።